የማቆሚያ ቃል ፍለጋ

ኖቬምበር 9፣ 2020

ጥሪ ላይ የሰማሁትን ለማንም እንዳላወራ ፈርሜያለሁ። ስለዚህ እዚህም የደዋይ ስም አልጽፍም። ግን የዛሬዋ ሴት ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ታየች ልበላት፤ ስሟ ይህ አይደለም።

ዓመታት ሙሉ የካዚኖ ሆቴሎች በተደረደሩበት ስትሪፕ ላይ የእንግዳ ሻንጣ ስገፋ ኖሬ፣ ወረርሽኙ ሲመጣ «እንጠራችኋለን» ብለው ወደ ቤት ሰደዱን። ከጁላይ ጀምሮ በስልክ አስተርጓሚ ሆኛለሁ። የአፓርታማው ግድግዳ ስስ ነው። ልጄ ኢክራማ ደግሞ ሳሎን ቁጭ ብላ የኮሌጅ ትምህርቷን በላፕቶፕ ትከታተላለች። ስለዚህ እኔ የምሠራው ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ከላይ ሸሚዞቼ፣ ከታች ወንበሬ። ለጓደኞቿ «ባባ ኦፊስ ነው» ትላቸዋለች።

የዛሬው ጥሪ የመጣው ቤታቸው ውስጥ ጥቃት ለሚደርስባቸው ሴቶች ከተከፈተ የእርዳታ መስመር ነው። አማካሪዋ አሜሪካዊት ናት። ታየች ከኋላዋ ውሃ ከፍታለች፤ ሰው እንዳይሰማት ይመስለኛል። አብሯት የሚኖረው ሰውዬ እጇን እንደሚያስራት፣ እንደሚመታት ተናገረች። «እዚህ አገር ያለ ነገር ነው፤ ስም አለው፤ አንቺም ተስማምተሻል ይለኛል። እውነት ነው ወይ?» አለች።

አማካሪዋ ብዙ ጠየቀቻት። መሀል ላይ «ሴፍወርድ ነበራችሁ ወይ?» አለች። ቃሉን ሰምቼው አላውቅም። ታየች ሰመርሊን ሰፈር ውስጥ፣ በር ያለው ግቢ ውስጥ እንደምትኖር ቀደም ብላ ተናግራ ስለነበር የግቢው በር ኮድ መሰለኝ።

«የይለፍ ቃል አላችሁ ወይ?» ብዬ ተረጎምኩት።

«አዎ፣ አለን» አለች።

እኔም በእንግሊዝኛ «አዎ፣ አለን» አልኩ።

የአማካሪዋ ድምፅ ቀለል አለ። አንዳንድ መረጃ ሰጠቻት፣ «በማንኛውም ሰዓት ደውዪ» አለቻት፣ ጥሪው አለቀ።

ለምን ቀለላት? የበር ኮድ በመኖሩ ሰው ምን ይቀልለዋል?


ኖቬምበር 10

ዛሬ በምሳ ሰዓት የኢክራማን ላፕቶፕ ወስጄ ቃሉን ፈለግኩት። ከኋላዬ መቆሟን አላየሁም።

«ባባ፣ ምንድን ነው የምታየው?»

ልዘጋ ስል ጣቴ ሌላ ነገር ነካና ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ቆዳ የለበሰች ሴት ስክሪኑን ሞላችው። እናቷ ሱልጣና፣ አላህ ይዘንላትና፣ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ምን እንደምላት አላውቅም።

«የሥራ ቃል ነው» አልኩ።

«ኦኬ። ባባ፣ እኔ ጃጅ አላደርግህም።»

«የሥራ ቃል ነው አልኩሽ!»

ቁጭ አለች። ኮሌጅ በወሰደችው አንድ ኮርስ ላይ ተምረውታል። ልጄ ለአባቷ እንዲህ ያለ ነገር ስታስረዳ ፊቷ አልቀላም፤ የእኔ ግን እንደ ሰሐራ በረሃ ይነድ ነበር። «ሁለት ሰዎች ተስማምተው እንደዚህ ሲጫወቱ፣ አንዱ ሴፍወርድ ካለ ሌላው ያቆማል። ወዲያው። ምክንያቱም እዛ ጨዋታ ውስጥ "ኖ" የጨዋታው ፓርት ሊሆን ይችላል። ሶ ሌላ ቃል ይመርጣሉ። የማይቀለድበት ቃል።»

የይለፍ ቃል ያሳልፋል። ያኛው ግን ያቆማል። እኔ ተቃራኒውን ነው ያስተረጎምኩት። አማካሪዋ «አዎ፣ አለን» ስትባል፣ ልጅቷ «በቃ» የምትልበት ቃል አላት ብላ ነው የቀለላት።




ኖቬምበር 11

ለሱፐርቫይዘሬ ደወልኩ። «ያልገባህን ቃል መጠየቅ ነበረብህ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለእርዳታ መስመሩ አሁኑኑ አሳውቂልኝ አልኳት። አሳውቃለሁ አለች።

ጠየቅኩ ወይ? አልጠየቅኩም። የማላውቅ መምሰል አልፈለግኩም።


ኖቬምበር 13

ዛሬ ከእርዳታ መስመሩ ቢሮ አንዲት ሴት ደወለች። በድሪያ ትባላለች፤ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ አማርኛ የምትናገር አማካሪ እሷ ብቻ ናት። የዚያን ቀን ፈረቃዋ አልነበረም።

«አቶ አብዱልሀሚድ፣ ስህተቱን ያሳወቁን እርስዎ ራስዎ ነዎት። ብዙ ሰው አያደርገውም» አለችኝ።

«ልጅቷን አገኛችኋት?»

«ደውሉልኝ ብላ በሰጠችን ሰዓት ደወልን። አልተነሳም። ደግመን መደወል ደግሞ ለሷ አደገኛ ሊሆን ይችላል። እስክትደውል መጠበቅ ነው።»

መጠበቅ።

ከዚያ አንድ ነገር ለመነችኝ። እሷ በሌለችበት ሰዓት መስመሩ ላይ የሚገቡ የአማርኛ አስተርጓሚዎች ሁሉ እነዚህን ቃላት በየፊናቸው ነው የሚተረጉሟቸው። አንዱማ ሴፍወርድን «ጤናማ ንግግር» ብሎታል። ሁሉም አንድ ዓይነት ቃል እንዲጠቀም፣ ዝርዝሩን አብረን እንሥራ አለችኝ። ክፍያ የለውም።

«እሺ» ያልኩት ሳላስበው ነው። ስለ ታየች ብዬ ነው።


ኖቬምበር 17

የመጀመሪያው ቃል ቀኑን ሙሉ ፈጀብን። በድሪያ በስልክ፣ እኔ ቁምሳጥን ውስጥ።

ኮንሰንት። «ስምምነት» አልኩ። «ስምምነት የነጋዴ ቃል ነው፤ አንዴ ተፈራርመህ የምትሄድበት» አለች። ይቅርታ፣ «የሚሄዱበት» ነው ያለችው። በእርስዎ ነው የምንነጋገረው።

«ፈቃድ ብንለውስ?»

«መንጃ ፈቃድ አይመስልም?» አለችና ትንሽ አሰበች። «ቆይ፣ እሱስ ጥሩ አይደል? ፈቃድ እኮ ይነሣል። ትናንት ነበረ፣ ዛሬ የለም።»

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። «ፈቃድ፦ በማንኛውም ጊዜ ሊነሣ የሚችል» ብለን ጻፍን።

ከዚያ ሳላስበው፣ «ዝም ማለትስ ፈቃድ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ለሥራው ነው የጠየቅኩት። እሷ ግን የራሷን አወራችኝ። ገና ልጅ ሳለች የኒካሕ ቀን ሽማግሌ መጥቶ «ትወጅዋለሽ ወይ?» ሲላት አፏ ተሳሰረ። ዝም አለች። «አፍራ ነው፤ እሺ ማለቷ ነው» አሉ። ትዳሩ ስድስት ዓመት ቆይቶ ፈረሰ። «ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ሰዎቹም ክፉ አልነበሩም። ትንሽ ቢጠብቁኝ ግን አፌ ይፈታ ነበር» አለች።

 «ዝምታ ፈቃድ አይደለም ብዬ ልጻፈው?» አልኩ።

«ይጻፉት» አለች።


ኖቬምበር 20

ሥራ በዝቷል። የኮቪድ ጥሪ ብቻ። አንድ አባት መተንፈስ አቅቷቸው በእኔ አፍ ልጃቸውን ተሰናበቱ።

ታየች አልደወለችም።

በድሪያ ደውላ ነበር። ስለ ቃል አልነበረም። «ዛሬ ከባድ ነው አይደል?» ልትል ነው።


ኖቬምበር 24

ዛሬ በዙም ሥልጠና ነበረን። አሠልጣኟ ዶሎረስ ትባላለች፤ ግሪን ቫሊ የምትኖር ጡረተኛ ነርስ ናት። እንዲህ ተስማምተው የሚጫወቱ ሰዎች ማኅበረሰብ ውስጥ ራሷ ሠላሳ ዓመት ኖራለች። ጥቁር ቆዳ የለበሰች ሴት ጠብቄ ነበር። የመጣችው ግን መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሹራብ የምትሠራ ሴትዮ ናት። በአክብሮት «እርስዎ» ብላት ደስ ባለኝ፤ በእንግሊዝኛ ግን እሱ የለም።

ብዙ ነገረችን። የሚጠሩበት አራት ፊደል፣ ቢ-ዲ-ኤስ-ኤም፣ የተሸከመው ስድስት ቃል ነው፤ ሦስት ጥንድ። ማሰርና ሥርዓት ማስያዝ፣ ማዘዝና መታዘዝ፣ ማሳመምን መውደድና መታመምን መውደድ። መካከል ያሉት ሁለቱ ፊደሎች ለሁለት ለሁለት ያገለግላሉ። አንድ ላይ የተሰፉት ኢንተርኔት ዳዴ በሚልበት ጊዜ፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ግድም ነው።

የመጨረሻው ጥንድ በእንግሊዝኛ የመጣው ከሁለት ሰዎች ስም ነው፤ አንዱ የፈረንሳይ ባላባት፣ ሌላው ደራሲ። አንድ የአእምሮ ሐኪም ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ስማቸውን ወስዶ የበሽታ ስም አደረገው። ደራሲው ያኔ በሕይወት ነበር። «አስቡት፤ ጠዋት ስትነሱ ስማችሁ በሽታ ሆኗል» አለች ዶሎረስ። «ከዚያ በኋላ እኛ ቃሉን ከሐኪሞቹ አፍ መልሰን ለመውሰድ መቶ ዓመት ፈጀብን።»

ቆዳውስ ብዬ ጠየቅኩ፤ ያቺ ፎቶ ከዓይኔ አልጠፋ ብላ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ሞተረኞች የጀመሩት ነው አለች። ቫኒላ የሚሉት ደግሞ ከእነሱ ውጭ ያለውን፣ እንደ እኔ ያለውን ሰው ነው፤ ከአይስክሬሙ። አዲስ ሰው የሚቀበሉት በዘወትር ልብሳቸው ሬስቶራንት ተሰብስበው ሲበሉ ነው። የስብሰባው ስም ራሱ ከማኘክ የመጣ ነው። ማንም ማንንም አይነካም፤ ይበላሉ፣ ያወራሉ።

የማቆሚያውን ቃል ብዙዎች ከትራፊክ መብራት ነው የወሰዱት። አረንጓዴ ቀጥል፣ ቢጫ ቀስ በል፣ ቀይ አቁም። 

የሚያደርጉትን ነገር «ፕሌይ» ይሉታል። «ጨዋታ» ብዬ ስጽፍ በድሪያ ከስክሪኑ ማዶ ሳቀች። «በእኛ ጨዋታ ወሬም ነው እኮ።» ለዶሎረስ ነገርናት፤ ለመጫወትና ቁጭ ብሎ ለማውጋት ያለን ቃል አንድ ነው አልናት። ዶሎረስ ሹራቡን አስቀመጠች።

«እኔ አዲስ ሰው ሳስተምር የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው። ወሬው ከሌለ ጨዋታ አይደለም። የምን ቋንቋ ነው ይሄ?»

ቀኑን ሙሉ ኮራሁ፤ ቋንቋውን እኔ የሠራሁት ይመስል።


ኖቬምበር 29

በስልክ መሥራቱ አስቸገረ፤ መስመሩ ይቆራረጣል። ስለዚህ በድሪያ አንድ ሐሳብ አመጣች። ሀላል ሱቁ ያለበት ፓርኪንግ ላይ ሁለታችንም መኪናችንን ጎን ለጎን ፓርክ አድርገን፣ መስኮት ከፍተን፣ ማስክ አድርገን። ነፋሱ ወረቀታችንን ሊወስድ ምንም አልቀረው።

ዛሬ የተጣላነው በታዛዡ ወገን ስም ነው። አንዳንዶቹ እርስ በርሳቸው «ስሌቭ» ይባባላሉ። «ባሪያ የሚለውን በእኔ እጅ አልጽፍም» አልኩ። «እነሱ ሲሉት ፈቅደው ነው። በአማርኛ ሲባል የሚሰማው ሌላ ነው።»

«እስማማለሁ። "ታዛዥ" ብቻውንም አይሆንም» አለች። «ታዛዥ ብለን ብቻ ከጻፍን እኔን፣ እናቴን፣ እህቶቼን ሁሉ ጻፍን ማለት ነው። ማን ጠይቆን ታዘዝን?»

በመጨረሻ «ፈቅዶ የሚታዘዝ፣ ፈቅዳ የምትታዘዝ» አልን። ፈቃዱ ይቅደም አለች።

ሳምቡሳ አምጥታ ነበር። በመስኮት አቀበለችኝ። እጇ ላይ የሳኒታይዘር ሽታ አለ።

ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።


ዲሴምበር 3

ሳዳም ደወለ። ሆቴል አብረን የሠራን ጓደኛዬ ነው፤ አሁን ታክሲ ይነዳል።

«አንተ፣ ሰው እያወራ ነው። አንተና አንዲት ሴትዮ ሁለት መኪና ደቅናችሁ ሙሉ ከሰዓት ታወራላችሁ አሉ።»

«ሥራ ነው።»

«የምን ሥራ?»

«ቃላት እየፈለግን ነው።»

ሳቀ። እንዲህ የሳቀበትን ጊዜ አላስታውስም። «ወላሂ፣ ከዚህ የተሻለ ሰበብ አጥተህ ነው?» አለ።

የምንፈልጋቸው ምን ዓይነት ቃላት እንደሆኑ ቢያውቅ መኪናውን ከመንገድ ያወጣዋል። ስለ እኔ ያውሩ። ስለ እሷ ሲያወሩ ግን ደስ አይለኝም። ቦታ እንቀይር ወይ ብዬ ቴክስት አደረግኩላት። «ሳምቡሳው እዚህ ነው ያለው» ብላ መለሰች።


ዲሴምበር 6

ምንም የለም። አንድ ወር ሊሆን ነው። ስልኬ በጠራ ቁጥር ታየች ትሆናለች እላለሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ይጠይቅ ነበር። አንዲት ጥያቄ። «ይቅርታ፣ ይህ ቃል አልገባኝም።» ምን ይከብዳል?

ኢክራማ ቁምሳጥኑን አንኳኩታ ገባች፤ ወለሉ ላይ እግሬ ሥር ቁጭ አለች።  ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አደረገች። ትልቅ ሰው ሆናለች ብዬ ነበር።


ዲሴምበር 10

የመጨረሻውን ቃል ዛሬ ጨረስን። አፍተርኬር። ዶሎረስ እንዳለችው መጀመሪያ የሆስፒታል ቃል ነው፤ በሽተኛ ከወጣ በኋላ የሚደረግለት ክትትል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ብርድ ልብስ ማልበስ፣ ውሃ ማምጣት፣ «ደህና ነሽ?» ማለት ነው ይላሉ። ይህን የማያደርግ ሰው ጨዋታውን አያውቀውም።

«ክትትል» አልኩ፤ ፖሊስ ፖሊስ ሸተተ። «እንክብካቤ» አልኩ።

በድሪያ ወደ መሪዋ ደገፍ ብላ፣ «አይዞሽ ማለት እኮ ነው» አለች።

 እንዲሁ ጻፍነው፦ «የኋላ እንክብካቤ፤ አይዞሽ፣ አይዞህ ማለት።» ሱፐርቫይዘሬ ለአስተርጓሚዎቹ ሁሉ ነገ ትልካለች።

ስንለያይ «አብዱልሀሚድ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አለችኝ።

«ንዳ» አለችኝ። «ይንዱ» አላለችም። ተሳስታ ይሆናል።


ዲሴምበር 15

ደወለች! ታየች ደወለች!


ዲሴምበር 15፣ ማምሻውን

አሁን ተረጋግቼ ልጻፈው። ጥሪው የገባው ሌላ አስተርጓሚ ጋ ነው፤ በድሪያ ናት የነገረችኝ። አማካሪዋ ያንኑ ጥያቄ ደገመችላት። አስተርጓሚው እኛ የጻፍነውን አነበበላት፦ «የማቆሚያ ቃል ነበራችሁ ወይ? አንቺ ስትዪው ሰውዬው ወዲያው የሚያቆምበት ቃል?»

 ታየች፣ «እንዲህ ያለ ነገር አለ እንዴ?» አለች አሉ።

አስተርጓሚው የትራፊክ መብራቱንም ጨምሮ አንድ በአንድ ነገራት። ፈቃድ ማለት በማንኛውም ጊዜ የሚነሣ ነው። ዝምታ ፈቃድ አይደለም። ፈቅዳ የምትታዘዝ ሴት «በቃ» ማለት ትችላለች፤ ባትችል ጨዋታው ጨዋታ አይደለም። በድሪያ መስመሩ ላይ ስትገባ ልጅቷ ታለቅስ ነበር። «እኔ እኮ እሱ የሚለው ሕጉ መስሎኝ ነው። ቃሉን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነዋ» ትላለች።

ለመውጣት ተስማምታለች። በሳምንት አንድ ቀን ብቻዋን ግሮሰሪ ይልካታል። ያን ቀን ነው።

በድሪያ «ሹፌር ያስፈልገናል፤ ኡበር አልጠራም» አለች። ሳትጨርስ «እኔ አለሁ» አልኩ።


ዲሴምበር 18

ሰመርሊን። ግሮሰሪው ፓርኪንግ ውስጥ የገና ዘፈን በድምፅ ማጉያ ይጮሃል። በድሪያ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች፤ ሁለታችንም ሁለት ሁለት ማስክ። 

ታየች ባዶ ጋሪ እየገፋች ወጣች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጠላ ጫማ ያደረገች ልጅ ናት። በድሪያ ወርዳ ወደ እሷ ሄደች፤ ሁለት ቃል ተለዋወጡ። ልጅቷ ጋሪውን ቦታው መልሳ፣ ቀስ ብላ፣ ማንም እንደማይጠብቃት ሰው መጥታ ከኋላ ገባች።

ነዳሁ። ዋናው መንገድ ገባን።

«ደህና ነሽ፣ እህቴ?» አልኩ።

በመስታወት አየችኝ። «ድምፅዎን አውቀዋለሁ» አለች።

መኪናውን ዳር ይዤ ላቆም ቃጣኝ። በድሪያ ክንዴን ነካችኝ፤ ቀጠልኩ።

«አዎ፣ እኔ ነበርኩ። አንድ ቃል አሳስቼ ነገርኩሽ። በእኔ ምክንያት ይህን ሁሉ ቀን እዚያ ቆየሽ። ይቅር በዪኝ።»

«እሱን ነገሩኝ» አለች።  «ያን ቀን ፈርቼ ስልኩን ልዘጋው ነበር። እርስዎ "እህቴ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፣ አለሁ" አሉኝ። ከመጣሁ ጀምሮ በአማርኛ እህቴ ያለኝ ሰው አልነበረም። መልሼ የደወልኩት ለዚያ ነው።»

እንዲህ ማለቴን አላስታውስም። ለአስተርጓሚ ከራሱ ቃል መጨመር ክልክል ነው። ግን ብያለሁ ማለት ነው።

ትንሽ ቆይታ፣ «ያ የትራፊክ መብራት የሚሉት ነገር፤ እሱ ያስተማረኝ አረንጓዴውን ብቻ ነው» አለች።

በድሪያ ወደ ኋላ እጇን ዘረጋችላት። ልጅቷ ያዘቻት። እንደዚያው ተያይዘው ሄድን። የት እንዳደረስኳት አልጽፍም። በሩ ላይ የመጠለያው ሰዎች ብርድ ልብስ ይዘው ጠበቋት።

ስመለስ በድሪያን ቤቷ አወረድኳት። «አይዞህ» አለችኝ። ያኔ ነው እያለቀስኩ እንደነበር ያወቅኩት።


ጃንዋሪ 9፣ 2021

በድሪያን ኮቪድ ያዛት። ከቢሮ ነው። ብቻዋን ነው የምትኖረው።

የዶሮ ሾርባ ሠርቼ በሯ ላይ አስቀምጬ ሄድኩ።


ጃንዋሪ 10

ሾርባ። ብርቱካን። 


ጃንዋሪ 12

ሾርባ፣ የሙቀት መለኪያ። በስልክ ሳሏን ሰማሁት፤ አላምር አለኝ። መኪናዬን በሯ ፊት አቁሜ፣ እሷ መስኮቷ ጋ ሆና፣ በስልክ አወራን። ስለ ቃላት ምንም አልነበረም። ስለ ልጅነቷ መርካቶ፣ ስለ ሱልጣና፣ ስለ ኢክራማ። መሽቶ ነው የተመለስኩት።

ኢክራማ፣ «ባባ፣ ይሄ አፍተርኬር ነው» አለችኝ።

«ጎረቤትን መጠየቅ ነው።»

«ሃያ ማይልስ ርቃ ነው የምትኖረው።»


ጃንዋሪ 23

ተሻላት። አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ።


ፌብሩዋሪ 16

ፍርድ ቤቱ ለታየች የጥበቃ ትእዛዝ ሰጣት፤ ሰውዬው ወደ እሷ እንዳይቀርብ። በድሪያ ናት የነገረችኝ። ልጅቷ አሁን እንግሊዝኛ እየተማረች ነው፤ ሥራም ልትጀምር ነው።

በድሪያ ስለ ዶሎረስ ነግራት ነበር፤ አመስግኑልኝ ብላለች። በድሪያ መጀመሪያ ገርሟት፣ «በእነዚያ ቃላት አትናደጂም?» ብላ ጠየቀቻት።

«ቃሉ ምን አደረገኝ? ግማሹን ደብቆ የሰጠኝ ሰው ነው እንጂ» አለቻት።

ይህን ስትነግረኝ አንተ እያለችኝ ነበር። እኔም አንቺ እያልኳት። መቼ እንደተሻገርን አላውቅም።


ማርች 11

ሆቴሉ ጠራኝ። ከኤፕሪል ጀምሮ ሺፍት ሰጥተውኛል። ደስ ሊለኝ ይገባል።

ቃላቱ አልቀዋል። የታየች ጉዳይም መስመር ይዟል። ወደ በድሪያ የምደውልበት ጉዳይ የለኝም። ቀኑን ሙሉ ያልተተረጎመ ቃል ፈለግኩ፤ አጣሁ።


ማርች 20

«ባባ፣ ዝም ብለህ ጠይቃት» አለች ኢክራማ።

«ምኑን?»

እንደ እናቷ አየችኝ።


ማርች 28

እሑድ። ሰንሴት ፓርክ፣ ሐይቁ ዳር፣ ከበድሪያ ጋር። በመካከላችን አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ዳክዬዎቹ ሰው የለመዱ ናቸው፤ ጫማዬን ሊበሉ ደረሱ። ማስኳን አውልቃ ፊቷን በአካል ሙሉውን ሳየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ጉንጯ ላይ ያለውን ትንሽ ጠባሳ በዙም አላየሁትም ነበር።

መኪና ውስጥ ስለማመደው የመጣሁት ንግግር ጠፋኝ።

«በድሪያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። አይሆንም ማለት ትችያለሽ። ዛሬም ትችያለሽ፣ ነገም፣ እሺ ካልሽ በኋላም። ቅር አይለኝም። ማለቴ፣ ቅር ይለኛል፤ ግን ያ የእኔ ጉዳይ ነው።»

ልትስቅ ፈለገች፤ ፊቴን አይታ ተወችው።

«ላገባሽ እፈልጋለሁ» አልኩ።

ዝም አለች። ዳክዬዎቹ ሄደው ተመለሱ። አንድ አባት ልጁን በብስክሌት እየገፋ ሁለት ጊዜ አለፈን። ጠበቅኩ። ከዚህ በፊት ሰው ዝም ሲል መሙላት ይወድ የነበረው አፌ ዛሬ አልተከፈተም።

«ቆይ» አለች በመጨረሻ። «አይሆንም አላልኩም። እሺም አላልኩም። ማሰብ እፈልጋለሁ። ረመዳን ይግባ፣ ይውጣ። ትጠብቀኛለህ?»

«እጠብቃለሁ።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነም ሳምቡሳውን አታቋርጪብኝ።»

ያኔ ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ በሁለቱም መሀል ሆና ዳቦ ለዳክዬዎቹ መወርወር ጀመረች። እኔም ወረወርኩ።  ፀሐይዋ ከተራራው ስትደርስ ወደየመኪናችን ሄድን።

ቤት ስገባ ኢክራማ ላፕቶፗን ጥላ በሩ ላይ ተቀበለችኝ።

«ሶ፣ ምን አለችህ?»

«ቆይ አለችኝ።»

ትክ ብላ አየችኝ።

«ታዲያ ባባ፣ ለምንድን ነው እንደዚህ የምትስቀው?»